ልጆቼ ከጸሎት ይሸሻሉ፤ ላስገድዳቸው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው፤ እኔም ገበያ ውዬ የምገባው ሲመሽ ነው። የ5 ዓመት ሴት፣ የ9 እና የ14 ዓመት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ማታ ማታ አቁሜያቸው የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በግእዝ እስከ መጨረሻው አደርሳለሁ። ትንሿ ቆማ ታንቀላፋለች፣ መካከለኛው ይቁነጠነጣል፣ ትልቁ ሳልጨርስ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ተቆጥቼም አስገድጄም አይቻለሁ፤ ከጸሎቱም ከእኔም እየራቁ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ አይተዉት፤ ግን ያሳጥሩት። ውዳሴ ማርያሙን እርስዎ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወይም ማለዳ ለብቻዎ ያድርሱ። ከልጆች ጋር ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይበቃል፦ ማማተብ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ከዚያ የእያንዳንዱን ስም እየጠሩ መለመን። ይህ መጨረሻው እንዳይቀር። ኢዮብ ማልዶ ተነሥቶ መሥዋዕት ያቀርብ የነበረው እንደ ልጆቹ ቁጥር ነበር (ኢዮ. 1፥5)፤ በጅምላ አልነበረም። መካከለኛው ልጅዎ «ጌታ ሆይ፣ ነገ የሒሳብ ፈተና አለበትና አእምሮውን ክፈትለት» ሲሉ ሲሰማ፣ የነገረዎትን እንዳልረሱ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ጸሎቱ የእሱም ይሆናል።

ኦሪት ዘዳግም 6፥7 ወላጅ የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆቹ የሚነግርበትን ጊዜ ሲዘረዝር ቤት ውስጥ ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ ይላል። እነዚህ እርስዎም ያሉዎት ሰዓቶች ናቸው፤ ሌላ ትርፍ ጊዜ መፈለግ አያስፈልግም።

ጠዋት ጥቂት ይበቃል። ቤት ውስጥ ጸበል ካለ እህል ሳይቀምሱ ይጠጡ፤ ከዚያ ያማትቡ። ትንሿን ማማተብ ሲያስተምሩ ፊት ለፊቷ አይቁሙ። ልጅ የሚያየውን ስለሚገለብጥ ከቀኝ ወደ ግራ ትለምዳለች፤ በኋላ ማስተው ያስቸግራል። ከኋላዋ ሆነው ቀኝ እጇን ይያዙና ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ትከሻ ይውሰዱት። ትምህርት ቤት ስትሸኟቸው «ዛሬ የማን ቀን ነው?» ብለው ይጠይቁ። 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 እመቤታችን፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም እያሉ በጥቂት ወራት ወሩን ይይዙታል፤ በመንገድም ወሬ አይጠፋም።

ማዕድ ላይ ለሁሉም ድርሻ ይስጡ። መካከለኛው ውሃ ያስታጥብ፣ ትልቁ ጸሎቱን ይምራ፣ እርስዎ እንጀራውን ባርከው ይቁረሱና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለትንሿ ይስጡ። የቆሎ ተማሪ የቃል ትምህርቱን ማታ ማታ መምህሩ ሲለው እየተቀበለ እንደሚያጠና የአብነት ትምህርት ቤቶች ባሉባቸው በዋሸራና በዲማ አገር ላደገ ሰው አይነገርም። እርስዎም ከማዕድ በፊት አንድ የግእዝ ሐረግ ብቻ ይበሉላቸው፤ ለምሳሌ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም»። ትርጉሙን ይንገሯቸውና 3 ጊዜ ይቀበሉ። በሳምንት አንድ ሐረግ ከያዙ ግእዙ ሸክም አይሆንባቸውም። ስልክ ከማዕድ ይራቅ፣ የእርስዎም ጭምር፤ የእናቱ ስልክ ትሪው አጠገብ እያለ ልጁን ስልክህን አስቀምጥ ማለት ሰሚ አያገኝም። ከሁሉ በላይ ግን ማዕድ ላይ ክስ አይክፈቱ። የውጤት ካርድ፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ የጎረቤት ስሞታ ከበሉ በኋላ ለብቻ ይነገር። ሐዋርያው ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩ ያለው (ቆላ. 3፥21) እንዲህ ላለው ነው፤ በወንድምና በእኅቱ ፊት የተዋረደ ልጅ በማግስቱ ራበኝ ብሎ ቀድሞ በልቶ ይጠብቅዎታል።

ጾምን በተመለከተ፣ ከ7 ዓመት ጀምሮ ይለማመዳሉ፤ የ5 ዓመቷ አትገደድም። መካከለኛው ረቡዕና ዓርብ እስከ ስንት ሰዓት ይቆይ የሚለውን የንስሐ አባታችሁ አቅሙን አይተው ይወስኑ።

አሁን ወደ መኝታው ሰዓት ልምጣ፤ ለእርስዎ ቤት ከሁሉ የሚያስፈልገው ይህ ይመስለኛል። በጎጃም ገጠር አባት ከእርሻ ሲገባ ልጅ ውሃ አሙቆ እግሩን ያጥባል፣ ጉልበቱን ይስማል፣ ይመረቃል። ከተማ ስንገባ እጥበቱ ቀረ፤ ምርቃቱ ግን አብሮ መቅረት አልነበረበትም። ጌታም ራሱ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧልና (ዮሐ. 13) አንዳንድ ማታ እርስዎ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርገው የትንሿን እግር ይጠቡ፤ የዋለችበትን ሁሉ በዚያች ሰዓት ትዘከዝክልዎታለች።

የምርቃቱን ሥርዓት ከማርቆስ 10፥16 ይውሰዱ፤ ጌታ ሕፃናቱን አቀፋቸው፣ እጁን ጫነባቸው፣ ባረካቸው። እንደዚሁ መጀመሪያ ይቀፏቸው፣ ከዚያ እጅዎን ራሳቸው ላይ አድርገው ግንባራቸውን ያማትቡ፣ በመጨረሻ በስማቸው ጠርተው ይመርቁ፦ «እደጊ ተመንደጊ፣ ክፉ አይንካሽ፣ እግዚአብሔር በሰላም ያሳድርሽ»። እሷም «አሜን» ትበል። ይህ የወላጅ ምርቃት እንጂ የክህነት ቡራኬ አይደለም፤ ስለዚህ ካህን ቤታችሁ ሲመጣ መስቀል ማሳለሙን አያስቀረውም።

ምርቃቱን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ተግሣጽ መቀላቀል ነው፤ «ይባርክህ፣ ግን ነገ እንዳትረብሽ» ከተባለ ልጁ ይዞት የሚተኛው ሁለተኛውን ነው። ሌላው ሲያጠፋ ምርቃት መከልከል ነው። ቅጣት ካለ ሌላ ይሁን፤ ስግደትና ጸሎትም ቅጣት አይሁኑ። ለጥፋቱ 20 ጊዜ ስገድ የተባለ ልጅ ስግደትን ከዱላ ለይቶ አያይም። ቀን ተቆጥተው ከነበረ በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ ተብሏልና (ኤፌ. 4፥26) ከምርቃቱ በፊት ይቅርታ ይቅደም። ያለ አግባብ የጮኹት እርስዎ ከሆኑም «ልጄ፣ ይቅር በለኝ» ይበሉ፤ ክብርዎ አይቀንስም።

ትልቁን እንደ ትንሿ አይቀፉት፣ ያፍራል። በሩ ላይ ትከሻውን ነካ አድርገው አንድ አረፍተ ነገር ይመርቁት። «አልጸልይም» ካለ ቃል አያስወጡት፤ ሌሎቹ ሲጸልዩ በጸጥታ መቆሙን ብቻ ይጠይቁት፤ ወንጌል ማንበቡን ግን ለእሱ ይስጡት። ከንስሐ አባቱ ጋር የተነጋገረውን ፈጽሞ አይጠይቁ።

አባታቸው ማታ ማታ መኪናውን ካቆመ በኋላ በተወሰነ ሰዓት ይደውል። ድምፁ ለሁሉም ይከፈትና ከትንሿ ጀምሮ ሦስቱንም በየስማቸው ይመርቅ፤ ስለ ትምህርት የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ይሁን።

ሁሉንም በአንድ ቀን አይጀምሩ። 2 ሳምንት የመኝታውን ምርቃት ብቻ ያስለምዱ፣ ቀጥሎ የማዕዱን፣ ከዚያ አጭሩን ጸሎት። ደክሞዎት አንድ ማታ ቢያመልጥዎት በማግስቱ ለማካካስ አያስረዝሙት፤ እንደ ወትሮው ይቀጥሉ።