«ዛሬ ሙሉ ቀን እማዬ ልበልሽ?»

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬን ትቼ ወንድ ልጄን ቤት ውስጥ ራሴ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት እንማራለን። በእነዚህ ሰዓታት «እማዬ» ሳይሆን «ቲቸር» ብሎ እንዲጠራኝ አስለምጄዋለሁ፤ አለዚያ አይሰማኝም። ባለፈው ሳምንት ዐሥር ዓመት ሞላው። በልደቱ ቀን ትምህርት እንዲቀርለት ፈለገ፤ አባቱም ደገፈው። እኔ ግን ኬኩ ከትምህርት በኋላ ይደርሳል አልኩ። ጠዋት ገና ከአልጋው ሳይወርድ «ዛሬ ሙሉ ቀን እማዬ ልበልሽ?» አለኝ። ከትምህርቱ ለማምለጥ መሆኑ ስለገባኝ መልስ አልሰጠሁትም። ክፍልፋይ ስንሠራ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ቀደደው። እያለቀሰም ቢሆን አስጨረስኩት። ወረቀቱን በፕላስተር ለጥፌ የካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢያችን አስተዳደር፣ ገምጋሚ በሚያየው የልጁ የትምህርት ሥራ ማኅደር ውስጥ አስገባሁት፤ የተሠራ ሥራ ነውና። ማታ አባቱ ሲመጣ በሩ ላይ ተጠመጠመበት፤ እኔን ግን ሻማውን ሲያጠፋ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። ባለቤቴ «አጠፋሽ» ይለኛል። እኛ ስናድግ ልደት የሚባል ነገር አናውቅም፤ ምን ጎደለብን? ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ሌሎች ቤተሰቦች በልደት ቀን ትምህርት ያቆማሉ ወይ? ይፍረዱን።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። የሚያቆሙ አሉ። የማያቆሙም አሉ። ከሰዓት በፊት ቀለል ያለ ነገር አንብበው የሚጨርሱ፣ እንደ ወትሮው ተምረው ድግሱን ወደ ቅዳሜ የሚያዞሩም ሞልተዋል። ሕጉም ቢሆን ቀን አይቆጥርብዎትም። በሜሪላንድ 180 ቀን የማስተማር ግዴታ ያለባቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ቤት ከሚያስተምር ወላጅ የሚጠበቀው ሕጉ በዘረዘራቸው ስምንት የትምህርት ዓይነቶች ተከታታይና በቂ ትምህርት መስጠት ነው፤ ካውንቲውም ማኅደሩን የሚገመግመው ቢበዛ በዓመት ሦስት ጊዜ ነው። አንድ ቀን ብትዘጉ የሚደርስባችሁ ነገር የለም።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ግን ልጅዎ «ዛሬ አልማርም» ያለበትን ቦታ አጣሁት። «ትምህርት እንዲቀርለት ፈለገ» የሚለው የእርስዎ ቃል ነው። ከእርሱ አፍ የወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የጻፉልኝ፤ እርሱም ስለ ክፍልፋይ አያነሳም። የጠየቀው እርስዎን በምን ስም እንደሚጠራ ነው።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ አብረውኝ ይቆዩ። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ መምህሩን በር ላይ ተሰናብቶ ወደ እናቱ ይመጣል። ጫማውን ሳያወልቅ «ቲቸር ጮኸችብኝ» ብሎ ያለቅሳል። እናትም ወይ ታባብለዋለች፣ ወይ «አንተስ ምን አድርገህ ነው?» ትለዋለች፤ ምንም ብትለው ግን ስሞታውን የሚያሰማት ሌላ ሰው አለችው። የእርስዎ ልጅ «ቲቸር ጮኸችብኝ» ማለት ቢያምረው ወደ ማን ይሂድ? መልሱ ላይ የኤክስ ምልክት ያደረገችበትም፣ እንባውን የምትጠርግለትም አንዲት ሴት ናት። በዚያ ላይ ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት «እማዬ» ብሎ ቢጣራ የሚመልስለት የለም።

ደንቡን ለምን እንዳወጡት ይገባኛል። ልጅ እናቱን ይለማመጣል፣ ይሞላቀቅባታል፣ «ትንሽ ቆይቼ» ይላታል፤ መምህሩን ግን ይፈራል። ብዙ ቤት የሚያስተምሩ እናቶች ይህ ያማርራቸዋል። የእርስዎ ዘዴም ሥራውን ሠርቷል፤ ልጁ ይታዘዛል። ነገር ግን የዐሥር ዓመት ልጅ ስምን እንደ እኛ እንደ መጠሪያ ብቻ አያየውም። ስሙ ሲቀየር ሰውየዋም የሄደች ይመስለዋል። ስለዚህ በልደቱ ጠዋት፣ ገና ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ የለመነዎት ስጦታ እናቱን ለአንድ ቀን ሙሉ ማግኘት ነበር ብዬ አምናለሁ።

«እሺ፣ ዛሬ ቀኑን ሙሉ እማዬ በለኝ» ብለውት ክፍልፋዩን አጠገቡ ተቀምጠው አብራችሁ ብትሠሩ ኖሮ ያ ወረቀት የሚቀደድ አይመስለኝም። በዚህ በኩል ከባለቤትዎም ጋር አልስማማም። ትምህርቱ ቢሰረዝና እርስዎ «ቲቸር» እንደሆኑ ቢውሉ ኖሮ ልጁ የጠየቀውን አያገኝም ነበር። ዝምታዎ ግን ጎድቶታል። ይህን ስልዎ ልወቅስዎ ፈልጌ አይደለም፤ በልጁ ዓይን ሲታይ ዝምታውም መልስ ስለሆነ ነው።

በሩ ላይ አባቱን የተጠመጠመበትም አባቱን ከእርስዎ አስበልጦ አይደለም። አባቱ ጠዋትም ማታም አባዬ ነው። ገብቶ የሚወጣበት ሌላ ስም የለውም። እርስዎ ግን ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ውለው ማታ እንደ ባዳ ሲታዩ እንዴት እንደሚያም አውቃለሁ። ደብዳቤዎ ውስጥ በጣም የሚያመው ቦታ ይህ ይመስለኛል፤ በግማሽ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል።

ሌላም ያለፉት ነገር አለ። «እኛ ስናድግ ልደት አናውቅም» ብለዋል። እውነት ነው፤ ብዙዎቻችን የተወለድንበት ቀን ሲጠየቅ «የጥር ሚካኤል ማግስት»፣ «እህል ሲታጨድ» እየተባለ ነው ያደግነው። ኬክና ሻማ አልነበረም። ያ ማለት ግን መወለዳችን ሳይነገር ቀረ ማለት አይደለም። እልልታ ነበረ። ጎረቤት ገንፎ አገንፍቶ አራሷን ከቦ ይቀመጥ ነበር። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ነበረ። ያ ቀን የሕፃኑ ብቻ አልነበረም፤ የእናቲቱም ነበር። እናቶቻችንም «አንተ የመጣህ ለት ዝናቡ አላስወጣ ብሎን» እያሉ ያወሩልን ነበር። እርስዎ ከዐሥር ዓመት በፊት በዚያ ቀን የት ነበሩ? ማን አጠገብዎ ነበር? ገንፎውንስ ማን አገነፋልዎት? ደብዳቤዎ ስለ ልደት የተጻፈ ሆኖ ስለ ወለዱበት ቀን አንድ ቃል የለውም። ያንን ታሪክ ለልጁ የሚነግር መምህር በዓለም ላይ የለም። የምትነግረው እማዬ ብቻ ናት።

የማኅደሩንም ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልቻልኩም። ሥራቸውን ትተው ወደዚህ የገቡ እናት እያንዳንዷ የተሠራች ወረቀት ማስረጃ ብትመስላቸው አይደንቀኝም። «ልጁ ወደ ኋላ አልቀረም? አንቺስ ሥራሽን ለዚህ ነው የተውሽው?» የሚል ዘመድ ሳይኖር አይቀርም። ካለ፣ ያንን ጥያቄ እየመለሰ ያለው በዐሥር ዓመቱ ልጅዎ ነው፤ ሸክሙ ደግሞ ለእርሱ ይከብዳል።

ምን ላድርግ ለሚለው ብዙ መመሪያ አልሰጥም፤ ቤታችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ቢቻል የ«ቲቸር»ን ደንብ ለጥቂት ሳምንታት ተወት ያድርጉት። መጀመሪያ ላይ መለማመጡ ሊመለስ ይችላል፤ ታገሡት። የትምህርቱን ማብቂያ በስም ሳይሆን በድርጊት መለየት ሊረዳ ይችላል፤ ለምሳሌ ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ደብተሮቹ በአንድ ሣጥን ተከተው ይከደኑ፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ትምህርት አይወራ። ለሚቀጥለው ልደት ምን እንደምታደርጉ ከአሁኑ ሦስታችሁ ሆናችሁ ተስማሙ። ማልቀሱና መቅደዱ ከተደጋገመ፣ ወይም ከባለቤትዎ ጋር ያለው «አጠፋሽ፣ አበላሸኸው» መባባል ካልበረደ ግን ሁለታችሁም ባለሙያ ፊት ብትቀመጡ ይሻላል። በዋሽንግተን አካባቢ በአማርኛ የሚያማክሩ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ በአንድ ደብዳቤ የማላየውን እነርሱ ፊት ለፊት ያያሉ።

የልደቱ ቀን አልፏል ብለው ግን አይተዉት። ዛሬ ማታ ሲተኛ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው የተወለደበትን ቀን ይንገሩት። ያንን በፕላስተር የተለጠፈውን ወረቀትም ከማኅደሩ ውስጥ ያውጡት።