ከካርድ ያለፈ ጥቅም

ጥያቄ፦ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ለሕክምናና ለሐኪሞች ትምህርት ያለው ጥቅም የታካሚን ካርድ በኮምፒውተር ከማስቀመጥ ያለፈ ነውን?

መልስ፦ አዎን፤ ካርዱም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ታካሚው የፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለበት አስቀድሞ ከተመዘገበ፣ ሐኪሙ የፔኒሲሊን ዓይነት የሆነውን አሞክሳሲሊን ሊያዝ ሲል ማስጠንቀቂያ በስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ሲበዛ ሐኪሞች ሳያነቡ ማለፍን ስለሚለምዱ፣ በእኔ እምነት ለከባድ አደጋ ብቻ ቢወሰን ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2001 ዶክተር ዣክ ማሬስኮ ኒውዮርክ ሆነው ፈረንሳይ ውስጥ ስትራስቡርግ ለተኛች ታካሚ በሮቦት አማካይነት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና አድርገዋል። ለዕለት ተዕለት ሥራ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው የራጅ ምስልን ርቆ ለሚገኝ ራዲዮሎጂስት (ምስሉን ለሚያነብ ልዩ ሐኪም) መላክ ነው። በትምህርት በኩል፣ ተማሪው በሲሙሌተር (እውነተኛውን ሕክምና በሚያስመስል መለማመጃ መሣሪያ) ላይ ማንንም ሳይጎዳ ተሳስቶ እንደገና ይሞክራል፤ የታመመን ሆድ በእጅ መዳሰስን ግን አሁንም ከታካሚው አልጋ አጠገብ ነው የሚማረው።