ከሺህ ሁለት የቀሩ እንደሆነስ? ለባዮሎጂ ተማሪዎች

ሰሞኑን አንድ ተማሪ «ደሴት ላይ ካሉት አይጦች ከመቶ 99ኙ ካለቁ የቀሩት ምን ሊያመጡ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው አይጦቹን በመርዝ የማጥፋት ዘመቻ የከሸፈበትን የሄንደርሰን ደሴትን አስታወሰኝ። በዚህ ሙያ ላለን ሰዎች ያ ስም በተነሳ ቁጥር ዛሬም ያንገበግበናል። መልሱን ለሁላችሁም ላድርገው።

መጀመሪያ እንስሳውን እወቁት። የፓስፊክ አይጥ፣ በሳይንስ ስሙ ራተስ ኤክሱላንስ፣ ትንሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 80 ግራም ይመዝናል። ስትይዙት የኋላ እግሩን እዩ፤ በውጭ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ጠቆር ያለ መስመር አለው፣ የቀረው እግሩ ነጣ ያለ ነው። ዋና ላይ ደካማ ስለሆነ ጥቂት መቶ ሜትር ባሕር እንኳ ያግደዋል። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ተነስቶ ሃዋይ፣ ኢስተር ደሴትና ኒውዚላንድ የደረሰው በሰው ታንኳ ነው። ከዛሬ 3000 ዓመት ግድም የላፒታ ሰዎች የሚባሉት የጥንት ባሕረኞች ወደ ቶንጋና ሳሞአ ደሴቶች ሲሻገሩ አብሮ ተሻገረ። ስንቅ ውስጥ ተደብቆ የሄደ አለ፤ ለምግብ ተብሎ የተጫነም ሳይኖር አይቀርም። የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ኪዮሬ ይሉታል፤ በወጥመድ ይይዙትና በገዛ ስቡ ውስጥ አቆይተው ይበሉት ነበር።

ስለዚህ አይጡ ሰው መቼ እንደደረሰም ይነግረናል። በኒውዚላንድ አንዳንድ የአይጥ አጥንቶች በካርቦን ሲለኩ 2000 ዓመት ገደማ አሳይተው ብዙ አከራክረዋል። በአይጥ የተቦረቦሩ ዘሮች ተለክተው እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ግን መምጫውን ወደ እ.ኤ.አ. 1280 አወረደው። የአሁን ልጆች ናሙና ልኮ ዲኤንኤ ማስነበብ ትወዳላችሁ፤ የተበላ ፍሬ ከመሬት አንስቶ ጠርዙ ላይ ያሉትን ጥንድ ጥንድ የጥርስ ቦዮች መመልከት ግን እየቀረ ነው። ያሳዝነኛል።

ጉዳቱን ታውቁታላችሁ፤ ዘር፣ እንቁላል፣ ጫጩት፣ እንሽላሊት ይበላል። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። ኩሬ በተባለው የሃዋይ ደሴት በ1960ዎቹ እንደተመዘገበው፣ አይጦቹ እንቁላል የታቀፈችን አልባትሮስ ጀርባዋን እየቦረቦሩ በቁሟ ይበሏት ነበር። ወፏ በክብደት ብዙ እጥፍ ትበልጣቸዋለች። የምድር ጠላት አይታ ስለማታውቅ ግን ከጎጆዋ አትነሳም።

አሁን ወደ ሄንደርሰን። በደቡብ ፓስፊክ በፒትኬርን ደሴቶች ውስጥ ያለ፣ ሰው የማይኖርበት፣ 43 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ የኮራል ደሴት ነው። አይጦቹ ቢያንስ 50 ሺህ ይገመቱ ነበር፤ የባሕር ወፎቹን ጫጩት አብዛኛውን ይጨርሱታል። በነሐሴ 2011 በብሪታንያው የአእዋፍ ጥበቃ ማኅበር መሪነት ሄሊኮፕተሮች 75 ቶን ያህል የመርዝ እንክብል በተኑ። መርዙ ብሮዲፋኩም ነው፤ የቫይታሚን ኬን ሥራ አግዶ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። አይጡ የሚሞተው ከቀናት በኋላ ነው፤ መዘግየቱም ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። በልቶ ወዲያው የታመመና የተረፈ አይጥ ያንን ምግብ ዳግም አይነካም።

ብተናው ገበሬ ትልም ሳይዘል እንደሚያርስ መሆን አለበት። የምታጠባ እናት ከጎጆዋ ብዙ አትርቅም፤ እንክብሉ እሷ ያለችበት ጥግ ካልደረሰ አታገኘውም። ለዚህ ነው የበረራ መስመሮች በግማሽ ያህል እንዲደራረቡ የሚደረገው። ሁለተኛው ዙር የሚበተነውም በመጀመሪያው ዙር ጎጆ ውስጥ የነበሩ ግልገሎች ሲወጡ ምግቡ እንዲጠብቃቸው ነው። ሞቃታማ ደሴት ላይ ደግሞ የምድር ሸርጣን አለ። መርዙ ሳይጎዳው እንክብሉን ለቅሞ ይጨርሳል፤ መጠኑ ሲሰላ የሱም ድርሻ መታሰብ አለበት። የሄንደርሰን ክሬክ የተባለችው መብረር የማትችል ወፍም እንክብሉን ትበላለች። ለዚህ ሲባል የተወሰኑት ቀድመው ተይዘው ተጠለሉ፤ ውጭ ከቀሩት አብዛኞቹ ሞቱ፣ በኋላ ግን ቁጥራቸው አገገመ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በመጋቢት 2012 አይጥ ታየ።

ዲኤንኤን ቅድም አማሁት፤ ጉዳዩን የፈታው ግን እሱ ነው። ከብተናው በፊትና በኋላ የተወሰዱት ናሙናዎች ሲነጻጸሩ አዲሶቹ በጀልባ የመጡ እንግዶች ሳይሆኑ ከብተናው ከተረፉት አይጦች የተወለዱ ሆነው ተገኙ። የተረፉት ደግሞ ከመቶ ያነሱ ነበሩ። አስሉት፤ ከሺው 998ቱ ሞተዋል ማለት ነው። እርግዝናው ሦስት ሳምንት ግድም ነው፤ በአንድ ወሊድ አራት ያህል ግልገል ይወለዳል፤ ተፎካካሪው ሁሉ አልቆ የደሴቱ ምግብ በሙሉ ለጥቂቶች ቀርቷል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

ጥቂቶቹ ለመትረፋቸው ምክንያት ተብሎ የሚጠረጠረው የዱር ፍሬ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ብተና የሚደረገው በክረምት ነው፤ አይጡ ተርቧል፣ መራባትም አቁሟል። በሐሩር ደሴት ግን ዓመቱን ሙሉ ሊራባ ይችላል፤ ፍሬ ሞልቶ ከሆነ እንክብሉን ዞር ብሎም ላያየው ይችላል። ስለዚህ ሄሊኮፕተር ከመከራየታችሁ በፊት ዛፎቹ መቼ እንደሚያፈሩና ሴቶቹ መቼ እንደሚያረግዙ የሚነግራችሁ የዓመታት መዝገብ ይኑራችሁ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ስልክ ላይ አይገኝም።

ድመት ወይም ሌላ አዳኝ ልቀቁበት ለምትሉ፣ በ1883 ወደ ሃዋይ የገባው ሞንጉስ የተባለ ትንሽ አዳኝ አውሬ ቀን ያድናል፣ አይጡ ሌሊት ይወጣል፤ የተበሉት ወፎቹ ሆኑ።

ብተናው ካለቀ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ጠብቁ። የለውዝ ቅቤ የተቀባ የመንከሻ ካርድና አይጡ ሲያልፍ ዱካው የሚቀርበት ባለቀለም ዋሻ አስቀምጡ፤ ጥርስም ዱካም ካልተገኘ ያኔ መግለጫ ስጡ። ይሳካል። ሃውቱሩ የተባለው 3083 ሄክታር የኒውዚላንድ ደሴት በ2004 ከኪዮሬ ጸድቶ የኩክ ፔትሬል የተባለው የባሕር ወፍ ጫጩቶች ማደግ ጀምረዋል።

ከተሳካም በኋላ ሥራ አለ። ፓልሚራ ደሴት በ2011 ከሌላው ዝርያ፣ ከጥቁሩ አይጥ፣ ሲጸዳ የአገሬው ዛፎች ችግኝ በብዙ እጥፍ ጨመረ። አይጡ ይበላው የነበረው ኮኮናትም እንደ አሸን ፈላ፤ አሁን እዚያ ኮኮናት እየተነቀለ ነው።