ዘሩ የታወቀ ድመት ማራባት፦ ከሰሜን ሸዋ ለደረሱን ሦስት ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ለእንስሳት ጤና ዓምዳችን በዚህ ወር ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢትና ከደብረ ሲና የተላኩ ሦስት ደብዳቤዎች ሁሉም ዘራቸው የታወቀ ድመቶችን ስለ ማራባት የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው፣ ጥቂት አሳጥረን በአንድነት አቅርበናቸዋል። መልሱን የሰጡት የዓምዱ የእንስሳት ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ባለፈው ዓመት ለእረፍት ሲመጣ «አቢሲኒያን» የሚባሉ ሁለት ድመቶች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ አመጣልኝ። ሁለቱም የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው፤ የትውልድ ሐረጋቸውን የሚያሳይ ወረቀትም አላቸው። ጎረቤቶቼ «የአገራችን ድመት ወደ አገሯ ተመለሰች» እያሉ ልጆቻቸውን ለመግዛት ከወዲሁ ቃል አስገብተውኛል። በአካባቢያችን ሌላ የዚህ ዘር ድመት ስለሌለ እኅትና ወንድሙን ማራባት ይቻላልን? ካልሆነስ ሴቷን ከሰፈራችን ወንድ ድመት ጋር ላዳቅላት? ለመሆኑ እነዚህ ድመቶች በእርግጥ የእኛ ዘር ናቸውን? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በመጨረሻ ያነሡትን ላስቀድም። ስሙ የእኛ ነው፤ ዘሩ ከእኛ ለመውጣቱ ግን ማስረጃ የለም። በሮበርት ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ሲመለስ አንድ መኮንን ድመት ይዞ ወደ አገሩ እንደገባ ይነገራል፤ በ1874 በታተመ አንድ መጽሐፍም የዚያች ድመት ሥዕል «ዙላ» ከሚል ስም ጋር ወጥቷል። ዙላ ጦሩ ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ነው። ይሁን እንጂ ያቺን ድመት ከዛሬዎቹ አቢሲኒያኖች ጋር የሚያያይዝ የትውልድ መዝገብ የለም፤ የዘረመል ጥናቶችም የሚያመለክቱት በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ወዳሉ አገሮች ድመቶች ነው። በኔዘርላንድ በላይደን ከተማ ቤተ መዘክር ውስጥም ከመቅደላ ዘመቻ 30 ዓመት ያህል አስቀድሞ የገባ፣ ከሕንድ መምጣቱ የተጻፈበት ተመሳሳይ ድመት ቆዳው ተሞልቶ ይገኛል። ዘሩ ተመርጦና ተመዝግቦ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በእንግሊዝ አገር ነው። ከድመትዎ ጀርባ አንዲት ፀጉር ነቅለው ወደ ብርሃን ቢይዟት ዝገት የመሰለውና ጥቁሩ ቀለም በላይዋ ላይ እየተፈራረቁ ያዩአቸዋል፤ የዘሩ ምልክት ይህ ነው፤ ውበቱንም አልክድም። ነገር ግን «ወደ አገሯ ተመለሰች» የሚለው ወሬ ገዢ መሳቢያ እንዳይሆን እለምንዎታለሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ እኅትና ወንድሙን አያራቧቸው። መልሴን ያለ ማለሳለስ የሰጠሁት ነገሩ ለድርድር የሚቀርብ ስላልሆነ ነው። ማንኛውም ድመት ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ የዘረመል ቅጂ ይወርሳል፤ ብዙ በሽታዎች የሚገለጡት ሁለቱም ቅጂዎች የተበላሹ ሲሆኑ ብቻ በመሆኑ፣ አንድ ብልሹ ቅጂ የያዘ ድመት ዕድሜውን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሊኖርና ሕመሙን ግን በስውር ሊያስተላልፍ ይችላል። እኅትና ወንድም ሲገናኙ ልጆቻቸው በአማካይ ከዘረመላቸው ሩቡን ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት አድርገው ስለሚወርሱ፣ ተደብቆ የኖረው ሁሉ መገለጫ ያገኛል።

ይህ ለአገራችን ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። መንዝ ውስጥ ያደግሁባት አያቴ ማንበብና መጻፍ አታውቅም ነበር፤ ሆኖም በረቷ ውስጥ የተወለደ አውራ በግ የገዛ እናቱንና እኅቶቹን ለማጥቃት ሳይደርስ ወይ ትሸጠዋለች፣ ወይ አኮላሽታ ሙክት ታደርገዋለች፤ ለማጥቂያ የሚሆነውን ደግሞ ከወንዝ ማዶ ካለ ቤት ለውጣ ታመጣ ነበር። ለምን እንደምታደርገው ስጠይቃት «ደም ሲቀርብ ግልገሉ ይኮሰምናል» ትለኝ ነበር። ለበጎቿ የነበራትን ጥንቃቄ ለድመቶችዎ የሚነፍጉበት ምክንያት አይታየኝም።

በአቢሲኒያን ዘር ውስጥ በተለይ የሚያሰጉ ሁለት በሽታዎች አሉ። አንደኛው ቀይ የደም ሕዋሳትን ያለ ጊዜያቸው የሚያፈርሰው የፓይሩቬት ካይኔዝ እጥረት ሲሆን፣ ድመቷ ድዷ ይገረጣል፣ ትደክማለች፣ አንዳንዴም ዓይኗ ቢጫ ይሆናል። ሁለተኛው ሬቲናን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ውስጠኛ ክፍል፣ ቀስ በቀስ የሚያጠፋ የዓይን በሽታ ነው፤ ግልገሉ ዓይኑ ሲገለጥ ደኅና ያያል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ከ3 እስከ 5 ዓመት ሲሆነው ይታወራል። ድመት በለመደችው ቤት ውስጥ በጢሟና በትዝታዋ እየተመራች ስለምትሄድ ባለቤቷ የሚያውቀው አንድ ቀን መደቡን ወይም ወንበሩን ሲያዛውር ነው። ሁለቱም በሽታዎች ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና ይመረመራሉ፤ ናሙናው ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ በፖስታ ሊላክ ስለሚችል፣ ወንድምዎ በዚህ ቢረዳዎት ከሌላ ስጦታ ሁሉ የሚበልጥ ይሆናል። ሁለት ተሸካሚዎች፣ ማለትም አንድ አንድ ብልሹ ቅጂ የያዙ ጤነኛ ድመቶች፣ ቢገናኙ ከ4 ግልገሎች በአማካይ 1 ታማሚ ይሆናል፤ ተሸካሚው ነጻ ከሆነ ድመት ጋር ቢገናኝ ግን አንድም ታማሚ አይወለድም፣ ግማሾቹ ያህል ተሸካሚ ሆነው ይቀራሉ እንጂ። ስለዚህ ተሸካሚ መሆን በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳይመረምሩ ማገናኘት ነው።

ከሰፈር ድመት ጋር ማዳቀሉን በተመለከተ፣ በዘረመል ረገድ ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ሆኖም የሚወለዱት አቢሲኒያን ስለማይሆኑ በእናታቸው ወረቀት መሸጥ ማታለል ይሆናል። በዚያ ላይ ማን እንደ ነከሰው የማይታወቅ ወንድ ድመት የእብድ ውሻ በሽታንም ሆነ የድመቶችን የደም ካንሰር ቫይረስ ወደ ቤትዎ ሊያስገባ ይችላል። በየቆሻሻ መጣያው የሚጮኹትን የከተማችንን የድመት ግልገሎችም አይርሷቸው። ሴቷ 4 ወር ካለፋት ማርገዝ ስለምትችልና የእኅትና የወንድም ነገር ለእንስሳ ስለማይገባው፣ ዛሬውኑ በተለያየ ክፍል ያድርጓቸው፤ ወንዱንም ያስኮላሹ። ወደፊት ዝምድና የሌለው፣ የተመረመረ ወንድ ከተገኘ ስለ ሴቷ እንደገና እንነጋገራለን። ካልተገኘ ሁለቱም መክነው የቤትዎ ድመት ሆነው ይኑሩ፤ ቃል ለገቡላቸው ጎረቤቶችም ከአሁኑ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ፐርሺያን የምትባል ረጅም ፀጉር ያላት ሴት ድመት አለችኝ። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ሰው ፊቱ ፍጹም የተደፈጠጠ ወንድ እንዳለው ነግሮኛል፤ ፊቱ ባጠረ ቁጥር የግልገሎቹ ዋጋ ከፍ ይላል ይላሉ። ይኸው ሰው ጆሮዋ ወደ ፊት የታጠፈ ድመትም ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ምን ይመክሩኛል? (አንባቢ፣ ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ልጅ የ3 ወር ፐርሺያን ግልገል በካርቶን ይዛ መጣች። የአፍንጫዋ ቀዳዳዎች በጥፍር የተጫሩ ያህል ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ፤ ከዓይኖቿ የሚወርደው እንባ በጉንጮቿ ላይ ደርቆ ቡናማ ቅርፊት ሠርቷል፤ ልጅቷ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ሁልጊዜ ታለቅሳለች» አለችኝ። የተፈጨ ሥጋ ስናቀርብላት አንዴ ትጎርሳለች፣ ከዚያም ምግቡን ትታ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ ደግሞ ትጎርሳለች። የተራበ እንስሳ ከመብላትና ከመተንፈስ አንዱን ሲመርጥ ማየት ከባድ ነው፤ እስከ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም።

ያቺን ግልገል ለዚያ ያበቃት ሕመም ሳይሆን ምርጫ ነው። የራስ ቅሉ አጥንት በየትውልዱ እያጠረ ሲሄድ ውስጡ ያለው ሥጋ በዚያው ልክ ስለማያንስ የአየር መንገዱን ይዘጋዋል፤ የእንባ መውረጃው ቱቦ ይጣመማል፤ ጥርሶቹም ተጣጥመው አይገጥሙም። የግልገሎቹ ራስ ሰፊና ክብ በመሆኑ ምጥ ይከብዳል። እርስዎ የሚኖሩት ደግሞ በቆላ ነው፤ ድመት ሙቀት ሲበዛባት ከምትበርድባቸው መንገዶች አንዱ በትንፋሽ በመሆኑ፣ ደብረ ብርሃን ላይ እንደ ምንም የምትኖር ደፍጣጣ ድመት ሸዋ ሮቢት ላይ በግንቦት ቀን ልትሞትብዎት ትችላለች። ስለዚህ ዋጋውን ይተዉትና አፍንጫው ወጣ ያለ፣ ቀዳዳዎቹ የተከፈቱ፣ ሲተኛ የማያንኮራፋ ወንድ ይፈልጉ።

በዚህ ዘር ከፊት ቅርጹ ሌላ በኩላሊት ውስጥ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያበቅል በሽታ አለ። ከረጢቶቹ ከልደት ጀምሮ ቢኖሩም እያደጉ ኩላሊቱን የሚያደክሙት ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ ድመቷ ውኃ ማብዛትና መክሳት በምትጀምርበት ጊዜ ብዙ ልጆች ወልዳ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ብልሹ ቅጂ ብቻውን ያሳምማል፤ ከወላጆቹ አንዱ ቅጂውን ከያዘ ከግልገሎቹ ግማሽ ያህሉ ይወርሱታል። መጥፎው ዜና ይህ ሲሆን በጎው ዜናም ከዚሁ ይወጣል፦ በሽታው ተሸሽጎ ትውልድ ስለማይሻገር፣ መርምሮ የያዘውን ባለማራባት ብቻ ከአንድ ቤት በአንድ ትውልድ ማጥፋት ይቻላል። የዘረመል ለውጡ በ2004 እ.ኤ.አ. ስለታወቀ ከጉንጭ በሚወሰድ ናሙና ይመረመራል፤ ከ10 ወር በላይ የሆነ ድመት ደግሞ በአልትራሳውንድ ሊታይ ይችላል። ባለቤቱ የወንዱን የምርመራ ውጤት በወረቀት ካላሳየዎት ሴትዎን አይስጡት።

ጆሮዋ የታጠፈውን አይግዙ። የዚህ ዘር መነሻ በ1961 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ በአንድ እርሻ ላይ የተገኘች ሱዚ የተባለች ነጭ ድመት ናት። ጆሮውን የሚያጥፈው ዘረመል የልም አጥንትን አሠራር የሚያበላሽ ስለሆነ፣ ያው ብልሽት በእግር አንጓዎችና በጅራት ውስጥም ይሠራል፤ ድመቷ ዝም ብላ መቀመጥ የምትወደው «ጨዋ» ስለሆነች ሳይሆን መዝለሉ ስለሚያማት ሊሆን ይችላል። አንድ ቅጂ ብቻ በቂ በመሆኑ ጤነኛ አድርጎ የማራባት ዘዴ የለም። የእንግሊዝ የድመት መዝጋቢ ማኅበር በ1970ዎቹ መጀመሪያ መመዝገቡን አቁሟል፤ ኔዘርላንድም ማራባቱን ከከለከለች ዓመታት አልፈው፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በአዲስ መያዙንም ከልክላለች።

ጥያቄ፦ ብሪቲሽ ሾርትሄር የተባለችው ድመቴ 5 ጠንካራ ግልገሎች ወለደች፤ በሁለተኛው ቀን ግን ሁለቱ መጥባት አቆሙ፣ ሽንታቸው ቀላ፣ ሞቱም። ጥፋቱ የእኔ ይሆን? የተረፉትን ሦስቱንስ በስንት ጊዜያቸው ልስጥ? በዓመት ስንት ጊዜ ብትወልድ ይበቃታል? (አንባቢ፣ ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ኀዘንዎ ይገባኛል፤ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ነፍስ ሲቀዘቅዝ መመልከት ቀላል አይደለም። በጻፉልኝ ምልክት ሳየው የደም ዓይነት አለመጣጣም ይመስለኛል። ድመቶች በዋናነት «ኤ» እና «ቢ» የሚባሉ የደም ዓይነቶች አሏቸው፤ በእርስዎ ድመት ዘር ደግሞ «ቢ» በርከት ብሎ ይገኛል። የ«ቢ» እናት ከ«ኤ» አባት የ«ኤ» ግልገሎችን ስትወልድ፣ ሊያጠነክራቸው የሚገባው እንገር ቀይ የደም ሕዋሳታቸውን የሚያፈርስ ፀረ እንግዳ አካል ይዞባቸው ይመጣል። እናቲቱ በደለኛ አይደለችም፤ እርስዎም አያውቁም ነበር። ከእንግዲህ ግን እናትና አባት ሳይገናኙ የሁለቱም የደም ዓይነት ይመርመር። የማይጣጣም እርግዝና በድንገት ከተከሰተ ግልገሎቹን የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት ከእናታቸው ጡት ለይቶ ለግልገል በተዘጋጀ ወተት ወይም በሌላ ተስማሚ እናት መመገብ ያድናቸዋል፤ የላም ወተት አይተካውም።

ግልገሎቹን ከ12 ወይም ከ13 ሳምንት በፊት አይስጡ። ብቻቸውን መብላት መቻላቸው አያሳስትዎት፤ ከእናታቸውና ከወንድሞቻቸው ጋር ሲታገሉ ነው ንክሻቸውን መመጠን የሚማሩት። በ8 ወይም በ9 ሳምንታቸው የመጀመሪያውን ክትባት፣ በ12 ሳምንታቸው ድጋሚውንና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን ይውሰዱ። ስለ መውለዱ ብዛት፣ ፊፌ የተባለው ዓለም አቀፍ የድመቶች ፌዴሬሽን የሚፈቅደው በ24 ወር ውስጥ ቢበዛ 3 ጊዜ ነው፤ እኔ ግን በዓመት ከአንድ ባይበልጥ እመርጣለሁ፤ ከ63 እስከ 65 ቀን የሚደርስ እርግዝናና የወራት ማጥባት አጥንቷን ይጠባልና። በመሸጫ ወረቀቱም ላይ ገዢው ድመቷን ማቆየት ቢያቅተው በማንኛውም ዕድሜዋ መልሰው እንደሚቀበሏት ይጻፉ።

የተረፉትን ሦስቱን አሁኑኑ አንሥተው የጅራታቸውን ጫፍ ይመልከቱ። ጫፉ ጠቁሮና ደርቆ ከሆነ እነርሱም ከዚያው እንገር ጥቂት እንደ ደረሳቸው ምልክት ስለሆነ፣ ድዳቸው ገርጥቶ እንደሆነም አይተው ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው።