ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው፤ የልጄን ደም ላስመርምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ፣ ሪድ ሂልቪው ከሚባለው የትንንሽ አውሮፕላኖች ማረፊያ አጠገብ ነው። ጎረቤቴ «የእነዚህ አውሮፕላኖች ነዳጅ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ማዕድን) አለበት፤ እዚህ መሸጡ ግን ቀርቷል» አለችኝ። ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔም የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ልጁ ይበላል፣ ይጫወታል። ላስመርምረው ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ ያስመርምሩት። በዚህ ሳምንት ለልጁ ሐኪም ደውለው የእርሳስ የደም ምርመራ እንዲታዘዝለት ይጠይቁ። መብላቱና መጫወቱ ደስ ይላል፤ ግን በትንሽ በትንሹ የሚገባ እርሳስ አያተኩስም፣ ሆድም አያሳምም። ጉዳቱ የሚታወቀው ቆይቶ ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ረግቶ መቀመጥና ትምህርት መቀበል ሊያስቸግረው ይችላል። ለልጅ «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል መጠን እስካሁን አልታወቀም።

ጎረቤትዎ እውነቷን ነው። በአሜሪካ ከ1996 መግቢያ ጀምሮ (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) እርሳስ ያለበት ቤንዚን ለመኪና መሸጥ ተከልክሏል። ባለ ፒስተን ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች ግን ዛሬም በአብዛኛው የሚቀዱት በሊትር እስከ ግማሽ ግራም ገደማ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ነው። እርሳሱ የሚጨመረው ነዳጁ ሞተሩ ውስጥ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ ነው። አዲስ አበባ የሚያደርስዎት ትልቁ ጄት የሚሄደው ከላምባ በሚቀራረብ ነዳጅ ስለሆነ እርሳስ የለበትም። አብራሪው ከመነሳቱ በፊት መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆሞ ሞተሩን ሲያስጮኸው ሰምተው ይሆናል። በማረፊያው አካባቢ አየር ውስጥ እርሳስ በርከት ከሚልባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያ ነው።

ማረፊያውን የሚያስተዳድረው የአካባቢው መስተዳድር፣ ሳንታ ክላራ ካውንቲ፣ ያስጠናውና በ2021 ይፋ የሆነው ጥናት፣ ከሪድ ሂልቪው በግማሽ ማይል ውስጥ የሚኖሩ ልጆች ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ራቅ ብለው ከሚኖሩት ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ፤ ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ያሉት ደግሞ ባሰባቸው። ካውንቲው ከጥር 2022 ጀምሮ እርሳስ ያለበትን ነዳጅ መሸጥ አቆመ። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ እንደ ሐኪም ሌሎቹም ነገ ቢከተሉት እወድ ነበር። የካሊፎርኒያ ሕግ በመላው ግዛቱ ሽያጩን የሚከለክለው ከ2031 ጀምሮ ነው። ያኔ በማህፀንዎ ያለው ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል!

ታዲያ እዚያ መሸጡ ከቀረ ለምን ይመርመር? ሌላ ቦታ የቀዱ አውሮፕላኖች አሁንም ሊያርፉ ይችላሉ። ደግሞም እርሳስ አይበሰብስም፤ ለዓመታት የወረደው አፈር ውስጥ ይቆያል፣ በጫማም ቤት ይገባል። ሕፃን የመስኮት ደፍ ላይ ያለውን አቧራ ዳስሶ እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ያስቡት። የጭሱ መንገድ በአብዛኛው ይኸው ነው። ስለዚህ ጫማ በር ላይ ይውለቅ፤ ወለሉና የመስኮቱ ደፍ በደረቁ ከሚጠረግ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ ከምግብ በፊት እጁን ይታጠብ። ጓሮ ጎመን ካለዎት ቅጠሉን ደጋግመው ይጠቡት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ልጁን ኩል ይኩሉታል? ብዙ ኩል ራሱ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ነው፤ ከአውሮፕላኑ ይልቅ እሱ ሊጎዳው ይችላል። እባክዎ ይተዉት። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ቀለሙ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል የሚላላጠውን ቀለምም ለሐኪሙ ይንገሩ። ብረት ያነሰው ልጅ ሰውነቱ እርሳስን አብዝቶ ስለሚቀበል ምስር፣ ሥጋና እንቁላል ያብሉት። ሻይ ግን ለልጅ አይስጡ፤ ከምግብ የሚገኘውን ብረት ይይዝበታል።

ደሙ ከጣቱ ተወስዶ የእርሳሱ ውጤት 3.5 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከደም ሥር ተወስዶ ይደገማል፤ ቆዳ ላይ ያለ አቧራ ቁጥሩን ሊያሳስት ይችላልና። ከተረጋገጠ መፍትሔው ምንጩን ፈልጎ ማስወገድና እንደገና መለካት ነው። እርሳሱን ከሰውነት የሚያስወጣው መድኃኒት በተለምዶ የሚታሰበው ከ45 ጀምሮ ስለሆነ፣ «ደም ያጠራል» ተብሎ የሚሸጥ ነገር አይግዙ።

እርስዎም በሚቀጥለው የእርግዝና ክትትልዎ ይመርመሩ። በልጅነት የገባ እርሳስ አጥንት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል፤ በእርግዝና ጊዜ ወደ ደም ወጥቶ ወደ ፅንሱ ያልፋል። ካልሲየም ይህን ስለሚቀንሰው ወተትና እርጎ አይለይዎት። ወተት ካልተስማማዎት ስለ ካልሲየም እንክብል ሐኪምዎን ያማክሩ።