ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ለምታረግዙ፦ ጥያቄያችሁን አምጡ

ሰላም እናቶች፣ አባቶችም ካላችሁ ሰላም ለናንተም። አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ማዋለድ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፣ የ3 ልጆች እናትም ነኝ። ሁለተኛዋን ሳረግዝ ትልቁ ገና 1 ዓመት ከ4 ወሩ ነበር፣ ስለዚህ አንዱን በእጅ አንዱን በሆድ ይዞ መዋል ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አውቀዋለሁ። ዛሬ ልጆቹን አባታቸው ይዞልኛል፣ የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ደም እየፈሰሳት ያለች፣ የሽርት ውሃ የፈሰሳት፣ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት ወይ የዓይን ብዥታ ያላት፣ ፊቷና እጇ ድንገት ያበጠ፣ ትኩሳት ያላት፣ የልጁ እንቅስቃሴ የቀነሰባት ካለች የኔን መልስ አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ጥያቄ፦ የ1 ዓመት ከ2 ወር ልጄን እያጠባሁ ነው 9 ሳምንት ነፍሰ ጡር መሆኔን ያወቅኩት። ሰው ሁሉ ወተቱ ተበላሽቷል ልጁን ያሳምመዋል አስጥይው ይለኛል፣ እኔ ደግሞ አንጀቴ አልችል አለ

መልስ፦ እህቴ ወተትሽ አልተበላሸም። ይሄን ነገር የማልሰማበት ሳምንት የለም፣ ስንት እናት በዚህ ምክንያት በአንድ ቀን ጡት አስጥላ እሷም ልጁም ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ጤነኛ እርግዝና ከሆነ ማጥባት ይቻላል። ስታጠቢ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፣ እሱ ማህፀንን ትንሽ ሊያኮማትር ይችላል፣ ግን ማህፀን ለዚህ ሆርሞን በደንብ ምላሽ መስጠት የሚጀምረው መውለጃው ሲቃረብ ነው። ከዚህ በፊት ያለ ጊዜው ምጥ የመጣብሽ ከሆነ፣ አሁን ደም ካየሽ፣ መንታ ከሆነ ወይ የማህፀን በር ችግር አለ ከተባልሽ ግን ሐኪምሽን ሳታማክሪ አትቀጥይ።

የሚቀየረው ምንድነው ካልሽኝ፣ 4ኛ 5ኛ ወር አካባቢ ወተቱ በጣም ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ይለወጣል፣ ብዙ ልጆች ያኔ ራሳቸው ይተዉታል። የጡት ጫፍሽም ሊያምሽ ይችላል፣ ያ የእርግዝናው ነው። ካልተወ ደግሞ ከወለድሽ በኋላ ሁለቱንም ማጥባት ትችያለሽ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግን ሁሌ አዲሱ ይቅደም ምክንያቱም እንገሩ ለሱ ነው የሚያስፈልገው። ማስጣል ከፈለግሽም መብትሽ ነው፣ ደክሞሻል እኮ፣ ብቻ ቀስ በቀስ አድርጊው፣ በየጥቂት ቀኑ አንዱን የማጥቢያ ሰዓት ቀንሺ። ማቀፉን ግን አትቀንሺበት። ከጡቱ እኩል የሚናፍቀው እቅፍሽን ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ወሯ ነው፣ አረገዝኩ፣ ሰው ሁሉ እየወቀሰኝ ነው። ቶሎ መሆኑ ጉዳት አለው?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከወለዱ በኋላ ቢያንስ 24 ወር ቆይቶ ማርገዝን ነው፣ ምክንያቱም ሰውነት ያወጣውን መልሶ ለመተካት ጊዜ ይፈልጋል፣ ሲቀራረብ የደም ማነስና ያለ ጊዜ መውለድ ይበዛል። ይሄን የምነግርሽ ክትትል ቶሎ እንድትጀምሪ እንጂ እንድትፈሪ አይደለም። ልጅሽ ስንት ወሯ እንደሆነ፣ በኦፕራሲዮን ወልደሽ ከሆነም እሱን፣ በመጀመሪያው ቀን ንገሪያቸው፣ ደምሽን ያዩልሽ። ቢያንስ 8 ጊዜ ነው ክትትሉ የሚመከረው። ወቀሳውን ተይው፣ የሚወቅስሽ ሰው ልጅቷን ለ1 ሰዓት ቢይዝልሽ ይሻላል።

ጥያቄ፦ 26 ሳምንቴ ነው፣ ልጄ 13 ኪሎ ነው፣ ካልተሸከምሽኝ ብሎ መሬት ላይ ይንከባለላል። መሸከም ያስወርዳል ይሉኛል

መልስ፦ እርግዝናሽ ጤነኛ ከሆነና ሐኪም ካልከለከለሽ አልፎ አልፎ ልጅሽን ማንሳትሽ አያስወርድም። የምፈራልሽ ለወገብሽና ለመውደቅ ነው። በእርግዝና ጊዜ መገጣጠሚያን የሚይዙት ጅማቶች ይላላሉ፣ ሆድሽም ወደፊት ስለሚስብሽ ሚዛንሽ ይቀየራል። ጎንበስ ብለሽ ከመሬት አትንጠቂው፣ ከጉልበትሽ ቁጢጥ ብለሽ ወደ ደረትሽ አስጠግተሽ ተነሺ፣ ወይ እሱ ራሱ ወንበር ላይ ይውጣና ከዚያ እቀፊው። ደረጃ ላይ ግን ይዘሽው አትውጪ፣ እጁን ይዘሽ ቀስ እያላችሁ ውጡ። ሲንከባለል አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጪና እጅሽን ዘርጊለት፣ አብዛኛውን ጊዜ የፈለገው ከፍታውን ሳይሆን መታቀፉን ስለሆነ እቅፍሽ ውስጥ ገብቶ ዝም ይላል።

ጥያቄ፦ ለ2 ዓመት ልጅ መቼ ነው የሚነገረው?

መልስ፦ ሆድሽ በደንብ ሲታይ። 7 ወር መጠበቅ ለሱ ምንም ትርጉም የለውም፣ ለ2 ዓመት ልጅ ነገ ራሱ ሩቅ ነው። ግን ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማ፣ ሰው ሁሉ ካወቀ ለሱም ንገሪው። አብሮሽ የሚጫወት ልጅ ይመጣል አትበይው፣ የሚመጣው የሚያለቅስና የሚተኛ ልጅ ነው፣ ከዚያ ያዝናል። እሱ ራሱ ሕፃን የነበረበትን ፎቶ አሳዪው፣ እንዲህ ነበርክ፣ እንዲህ አቅፌህ ነበር በይው፣ ይሄን ነገር በጣም ይወዱታል ደጋግመሽ እንድታሳዪው ይጠይቁሻል።

ጥያቄ፦ ልጄ 2 ዓመት ከ8 ወሩ ነው፣ ዳይፐር ከተወ 4 ወር ሆኖት ነበር፣ አሁን 8 ወሬ ሲገባ ሱሪው ላይ መሽናት ጀመረ፣ ጡጦ ይጠይቃል፣ እንደ ሕፃን ያወራል፣ ትናንት ሆዴን መታኝ። ጮህኩበት ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ አደርኩ

መልስ፦ ውዴ መጀመሪያ ስለ ምቱ፣ ሕፃኑ የሽርት ውሃ ውስጥ ነው ያለው፣ የትንሽ ልጅ እጅ እዚያ ድረስ አይደርስም። በኃይል ከመታሽ ወይ ከወደቅሽ፣ ሕመም ወይ ደም ባይኖርም ታዪ፣ ሌላውን ተረጋጊ።

አሁን ወደ ልጁ። የኔም ልክ እንደዚህ ነበር፣ ያኔ አዋላጅ ሆኜ ራሱ ሆን ብሎ የሚያስቸግረኝ ይመስለኝ ነበር፣ እቆጣዋለሁ ይብሳል፣ ይብሳል እቆጣዋለሁ። በኋላ ነው የገባኝ። እናቱ ቶሎ ትደክማለች፣ መሬት ላይ ወርዳ አትጫወትም፣ ሰው ሁሉ ሆዷን ነው የሚያየው፣ ቤት ውስጥ አዲስ አልጋ ገብቷል። ምን እየተካሄደ ነው ብሎ መጠየቅ የሚችልበት ቃል የለውም፣ ስለዚህ ሕፃን ሆኖ ያሳይሻል፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ስለ ሕፃን ነው የሚያወራው። እየጠየቀሽ ያለው አሁንም እናቴ ነሽ ወይ ብሎ ነው። መልሱን ደግሞ በቃል ብትነግሪው አይገባውም፣ በጊዜና በእቅፍ ነው የሚገባው።

ሱሪው ላይ ሲሸና ሳትቆጪ ሳታሳፍሪ ቀይሪለት፣ ከባሰ ለጊዜው ወደ ዳይፐር መመለስ ችግር የለውም። ሲሸና ካመመው ወይ ትኩሳት ካለው ግን ቅናት ነው ብለሽ አትለፊው፣ ሽንቱ ይታይ። ገና ቶይሌት ያላስለመዳችሁ ካላችሁ ደግሞ የመውለጃ ወር ላይ አትጀምሩ፣ ወይ ቀደም ብሎ ወይ ከወለዳችሁ ጥቂት ወር ቆይቶ። አልጋ መቀየርም እንደዚያው ነው፣ 2 ወር ያህል ቀድማችሁ ቀይሩት፣ ካለበለዚያ ሕፃኑ አልጋዬን ወሰደብኝ ነው የሚለው።

ጡጦውን በውሃ ስጪው፣ ትንሽ ሞክሮ ይሰለቸዋል። እንደ ሕፃን ታቀፊኝ ካለሽ እንደ ሕፃን እቀፊው። ሲመታሽ እጁን ያዢና መምታት የለም፣ ያማል በይው፣ ባጭሩ፣ ሳትጮኺ፣ ከዚያ ተናደድክ አይደል በይና ስሜቱን ስም ስጪለት።

በየቀኑ ደግሞ 10 ደቂቃ ለሱ ብቻ፣ ስልክ የለም፣ ሥራ የለም፣ ጨዋታውን እሱ ይምረጥ፣ ሶፋ ላይ ተጋድመሽም ቢሆን ይቻላል፣ በተቻለ መጠን ሰዓቱ አይቀያየር። ከሁሉም ነገር በላይ ለኔ ይሄ ነው የሠራው፣ ግን በ3 ቀን አልሠራም፣ 2 ሳምንት አካባቢ ፈጅቷል።

ሌላ አንድ ነገር፣ ቤቢው ስላለ መሸከም አልችልም አትበይው። ወገቤን አሞኛል በይው። ገና ሳይወለድ ጥፋተኛ አናድርገው። አንተ አሁን ትልቅ ሰው ነህ የሚባለውንም እኔ አልወደውም፣ የ2 ዓመት ልጅ ትልቅ አይደለም። ስለ መጮኽሽ ደግሞ፣ ዛሬ እቀፊውና ትናንት ስለጮህኩብህ ይቅርታ በይው፣ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ባል ነኝ፣ ሚስቴ 7 ወሯ ነው፣ የ2 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ልርዳት ስላት ተወው ትለኛለች፣ ልጅቷም ከእናቷ ውጪ እሺ አትልም

መልስ፦ ወንድሜ ስለጠየቅክ አመሰግናለሁ። ምን ልርዳሽ ብለህ ስትጠይቃት የማሰቡን ሥራ ለሷ ነው የተውክላት፣ እሷ ደግሞ ማስረዳቱ ስለሚደክማት ተወው ትልሃለች። ከቀኑ ውስጥ አንድ ክፍል ሙሉ በሙሉ ውሰድ፣ ለምሳሌ ማታ ማጠብ፣ ፒጃማ፣ ጥርስ፣ ማስተኛት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንተ ይሁን። ልጅቷ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ታለቅሳለች፣ እናቷ እንዳትገባ ሌላ ክፍል ትረፍ፣ አንተ አትቆጣ፣ እቀፋት፣ በሳምንት ውስጥ ትለምድሃለች። ይሄንን አሁን ካልጀመርክ ሚስትህ በወለደች ቀን ልጅቷ ድንገት ወዳንተ ስትሰጥ እናቴን ወሰዱብኝ ነው የሚሆንባት። ቀን ደግሞ ልጅቷ ስትተኛ ሚስትህም ትተኛ፣ እቃው ይቆይ፣ ወይ አንተ እጠበው።

ጥያቄ፦ ልጄ የተረፋትን ነው የምበላው፣ በሷ ማንኪያ፣ ችግር አለው እንዴ?

መልስ፦ አዎ አለው፣ ብዙ ሰውም አይነግራችሁም። ሳይቶሜጋሎ የሚባል ቫይረስ አለ፣ በትንንሽ ልጆች ምራቅና ሽንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ ልጁ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። እርጉዝ እናት ሲይዛት ግን ወደ ጽንሱ ተላልፎ መስማትን ሊጎዳ ይችላል። በሷ ማንኪያና ኩባያ አትጠቀሚ፣ የቀመሰችውን አትጨርሺ፣ አፏን ሳይሆን ግንባሯን ሳሚ፣ ዳይፐር ከቀየርሽና ንፍጥ ከጠረግሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና 20 ሰከንድ ታጠቢ። ከልጅሽ መራቅ ማለት አይደለም፣ እነዚህን ብቻ ልመጂ።

ጥያቄ፦ ማቅለሽለሹ ሲብስብኝ ለልጄ ስልክ እየሰጠሁት ነው የምተኛው፣ መጥፎ እናት ነኝ?

መልስ፦ አይደለሽም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ምክር ከ2 ዓመት በታች ስክሪን ባይሰጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ ይላል። ስትተኚ ዋናው ደህንነቱ ነው፣ ነቅቶ እያለ ብቻውን ሆኖ እንቅልፍ እንዳይወስድሽ፣ የሚጠብቀው ሰው ይኑር። ማቅለሽለሹ ሲያልፍ ስልኩን ትቀንሺለታለሽ።

ጥያቄ፦ ከሐኪም ቤት ስመለስ እንዴት ላስተዋውቃቸው? በኦፕራሲዮን ነው የምወልደው

መልስ፦ በር ላይ ስትገቢ ሕፃኑን ሌላ ሰው ይያዝልሽ፣ እጅሽ ባዶ ሆኖ መጀመሪያ ትልቁን እቀፊው። እንዳትሸከሚው ግን። ከኦፕራሲዮን በኋላ ወደ 6 ሳምንት ከአዲሱ ሕፃን የሚከብድ ነገር አይነሳም፣ ስለዚህ ተቀመጪና እሱ ወዳንቺ ይምጣ፣ ቁስሉ ላይ ትራስ አድርጊ። ይሄን ተቀምጦ መታቀፍ ከመውለድሽ በፊት ብታስለምጂው ጥሩ ነው። አዲሱ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፣ ትልቁ የሚረብሽሽ በዚያ ሰዓት ነው፣ ስታጠቢ ብቻ የሚወጣ የመጫወቻ ሳጥን አዘጋጂለት። ሁለቱን ብቻቸውን ለ1 ደቂቃም ቢሆን አትተያቸው፣ በፍቅርም ቢሆን ይጫነዋል። መሳምም ከፈለገ እግሩን ይሳም፣ ጉንፋን ከያዘው እሱም ይቆይ።

ጥያቄ፦ ምንም አያስደስተኝም፣ ልጄ ሲጠራኝ ራሱ መልስ መስጠት ያቅተኛል፣ 6 ወሬ ነው

መልስ፦ ስላወራሽ ደስ ብሎኛል እህቴ። ድብርት ከወሊድ በኋላ ብቻ አይደለም፣ በእርግዝናም ይመጣል፣ ስንፍናም የእምነት ማነስም አይደለም። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ በሚቀጥለው ክትትልሽ ላይ ልክ እዚህ እንደጻፍሽው ንገሪያቸው፣ መናገር ካቃተሽ ጽፈሽ ስጪያቸው። ራሴን ልጉዳ ወይ ልጄን ልጉዳ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሂጂ፣ ብቻሽንም አትሁኚ። ዛሬ ማታ ለአንድ ለምታምኚው ሰው ንገሪ፣ አንድ ሰው ይበቃል።

ጥያቄ፦ 37 ሳምንቴ ነው፣ ምጥ ሌሊት ቢመጣ ልጄን ማን ይያዝልኝ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ሌላው ደግሞ የአይረን ኪኒኔን እንዳልረሳው ራስጌ ላይ ነው የማስቀምጠው፣ ትናንት ልጄ ቆርቆሮውን ይዞ ሲጫወት አገኘሁት፣ አልከፈተውም

መልስ፦ ሁለተኛ ምጥ ከመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ያጥራል፣ ስለዚህ ልጁን የሚይዙ 2 ሰዎች ይኑሩሽ፣ አንዱ ስልክ ካላነሳ ሌላው። አሁኑኑ ጠይቂያቸው፣ ልጁ ቤታቸው አንድ ሌሊት አድሮ ይልመድ፣ የሱን ቦርሳም ካንቺ ቦርሳ ጎን አዘጋጂ፣ የሚወደው አሻንጉሊት እንዳይረሳ።

ኪኒኑ ግን ከምጡ ይበልጥ አስደነገጠኝ። አይረን ላንቺ መድኃኒት ነው፣ ለትንሽ ልጅ ግን ብዙ ፍሬ ከዋጠ ሊገድለው ይችላል፣ ብዙዎቹ ኪኒኖች ደግሞ ቀለማቸው ከረሜላ ይመስላል። ከዋጠ መጀመሪያ ያስመልሰዋል ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ለጥቂት ሰዓታት የዳነ ይመስላል፣ ያ ጊዜ ነው ወላጅን የሚያታልለው፣ ከዚያ ይብሳል። ዋጠ ብለሽ ከጠረጠርሽ ደህና ቢመስልም፣ በግድ ሳታስመልሺው፣ የኪኒኑን ዕቃ ይዘሽ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው። እንዳትረሺው ስልክሽ ላይ አላርም ሙዪ፣ ኪኒኑ ራሱ ግን የሚቆለፍ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ፍሬዎቹንም ቁጠሪ፣ ወለሉን፣ አልጋ ሥሩን እዪ። አሁን ተነሺ እህቴ፣ ይሄን አድርገሽ ነይና ስለ ምጡ የቀረሽን እንጨርሳለን፣ እየጠበቅኩሽ ነው።