ግን ለምን አልሞቱም?

ባለፈው ሳምንት ጣና ዳር ከዋርካ ሥር ቡና እየጠጣሁ አንድ የማስተርስ ተማሪ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ትንሽ ዝም አለና፣ «መምህር፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኢንኩቤተሩ፣ ናሙናዬን በልኩ ሙቀት የማሳድግበት ሳጥን፣ ከልክ በላይ ሞቀብኝ። ውጤቴ ግራ ገባኝ። ልጣለውና እንደገና ልጀምር?» አለኝ።

ሲኒውን አስቀመጥኩት። ይህን ጥያቄ ከ20 ዓመት በፊት ሰምቼዋለሁ። ያኔ የሰጠሁት መልስ ዛሬም ይቆጨኛል። ይህን ለእናንተ ለተማሪዎቼ የምጽፍላችሁም ለዚያ ነው።

ያኔ ጀማሪ መምህር ነበርኩ። የመመረቂያ ሥራዋን እኔ ጋ የምትሠራ አንዲት ተማሪ ነበረች። ዝምተኛ ናት። ማስታወሻዋን በእርሳስ ነው የምትጽፈው። ሥራዋ እርሾን 50 ዲግሪ ውኃ ውስጥ አቆይቶ ስንቱ እንደሚተርፍ መቁጠር ነበር። ከዚያ በፊት እርሾው በ25 ዲግሪ ማደግ አለበት። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ የኢንኩቤተሩ መቆጣጠሪያ ተዛባ። ስንከፍተው 37 ይላል። እሷ ግን እርሾውን አልደፋችውም፣ ሥራዋን ቀጠለች።

ከሁለት ቀን በኋላ የተረፈው እርሾ የሚያድግባቸውን ሳህኖች ይዛልኝ መጣች። ሌላ ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ነጫጭ ነጠብጣቦች ነበር የምናየው፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ከሙቀቱ ከተረፈ እርሾ የበቀለ ነው። ያን ቀን ሳህኑ ጢም ብሏል።

«ተበላሽቷል፣ ጣዪው» አልኳት።

አልሄደችም። ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው። «ግን መምህር፣ ለምን አልሞቱም?»

«ጊዜ የለንም። ምረቃው ደርሷል።»

ጣለችው። የባልዲው ክዳን ሲዘጋ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሥራዋን በጥሩ ቁጥር ጨርሳ ተመረቀች። በኋላ ባንክ ገባች ሲሉ ሰማሁ። ከዚያን ቀን በኋላ እኔን አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

መልሱን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ ሳነብ ነው። ሪቶሳ የሚባል ጣሊያናዊ የፍራፍሬ ዝንብ ያጠና ነበር። አንድ ባልደረባው የኢንኩቤተሩን ሙቀት ከፍ አደረገበት። እሱ አልጣለም፣ በማይክሮስኮፕ አየ። የዝንቡ ክሮሞዞም ከዚህ በፊት ባላየው ቦታ አብጧል፤ እብጠቱ እዚያ ያለው ጂን ሥራ መጀመሩን ያሳያል። አንድ ታዋቂ መጽሔት ጽሑፉን አልቀበልም ቢለውም እ.ኤ.አ. በ1962 ሌላ ቦታ አሳተመው። ዛሬ የሙቀት ፕሮቲኖች የምንላቸው ነገር የጀመረው ከዚያ ነው።

እኔ ሚዜ ፕሮቲን እላቸዋለሁ። ልጅ ሆኜ ዘጌ ለአጎቴ ልጅ ሚዜ ነበርኩ። ጃንጥላ ያዝኩ፣ ኩታውን አስተካከልኩ፣ ሙሽራው ሲደናገር በጆሮው ነገርኩት። ጎጆው ግን የእሱ ነው፤ ሰርጉ ሲያልቅ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እነዚህም እንደዚያው ናቸው። አዲስ የተሠራ ፕሮቲን ቅርጹን እንዲይዝ፣ በትክክል እንዲታጠፍ ይረዱና ይለቁታል። ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ይበዛሉ። የተማሪዬ እርሾ በ37 ሚዜዎቹን አዘጋጅቶ ስለነበር 50ን ቻለው። ይህ ያኔም የታወቀ ነበር። ያላወቅሁት እኔ ነበርኩ።

እነዚህ ሚዜዎች ካንሰርንም ያግዛሉ። የካንሰር ሴል በተበላሹ ፕሮቲኖች የተጨናነቀ ነው። ሙቀት ሳይነካው ሁልጊዜ ጭንቅ ላይ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ሚዜዎቹን ያበዛል። ከሚዜዎቹ አንዱ፣ ኤችኤስፒ 90 የሚባለው፣ እንደ ኸር-2 ያሉ ሴሉን እደግ እደግ የሚሉ ፕሮቲኖችን ደግፎ ያቆማል። ሚዜው ሙሽራው ደግ ይሁን ሌባ አይጠይቅም። ሚዜውን ብንይዘውስ ያሉ ተመራማሪዎች ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ጌልዳናማይሲን የሚባል ነገር ነበራቸው። ኤችኤስፒ 90ን እንደሚይዝ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ጉበት ስለሚጎዳ ግን ለበሽተኛ አልሆነም። ደግሞ ኤችኤስፒ 90 ሲያዝ ሴሉ ኤችኤስፒ 70 የተባለውን ሌላ ሚዜ ይጠራል። እንዲህም ሆኖ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2022 ፒሚቴስፒብ የተባለውን መድኃኒት ለአንድ ዓይነት የጨጓራና አንጀት ዕጢ ፈቀደች። ካልተጠበቀው ሙቀት እስከዚያ መድኃኒት 60 ዓመት ነው።

ማስታወሻ ያዙ፣ ቀን ጻፉ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ፣ መልሱን ስልካችሁ ላይ ካላገኛችሁ ጥያቄውን ትተዉታላችሁ ብዬ ሁሌ አማርራለሁ። ግን ያን ቀን የቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ አልቸኮለችም። ስልክም አልነበረኝም። አማካሪያችሁ ጣሉት ካላችሁ፣ በአክብሮት አንድ ሳህን ደብቃችሁ አስቀሩ። አዎ፣ ታዛዥ ሁኑ እያልኩ ያስተማርኳችሁ እኔው ነኝ። በዚህኛው አትስሙኝ።

ለተማሪው «አትጣለው፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው» አልኩት። ሰኞ ጠዋት ቤተ ሙከራ ሄጄ ሳህኑን አብረን እናያለን። የዚያችን ልጅ ስልክ ቁጥርም ከአንድ የክፍል ጓደኛዋ አግኝቻለሁ። ለምን እንዳልሞቱ ልነግራት ነው።